ጮቄን ለመውጣት ወሩም ሰዓቱም ይመረጥ

ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣው መንገድ ከፍ ባለ ቁጥር ባህር ዛፉ ይሳሳል፤ የድንችና የገብስ ማሳ ይተካዋል፤ ከዚያ ጓሳ ሣርና ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ብቻ ይቀራል። ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 4,100 ሜትር አካባቢ ነው። ዋልያ ለማየት የሚፈልግ ወደ ሰሜን ተራሮች ይሂድ፤ የጎጃም ወንዞች የሚነሱበትን ምድር ማየት የሚፈልግ ግን ወደዚህ ይምጣ፣ ወሩን መርጦ።

ብዙ ሰው እንቁጣጣሽ እንዳለፈ፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ መውጣት ይወዳል። እኔ አልመክርም። በመስከረም መጀመሪያ ክረምቱ ጮቄን ገና አልለቀቀም፤ ከቀትር በኋላ ዝናብ፣ አልፎ አልፎም በረዶ ይወርዳል። ዳገቱን ጎርፍ ሸርሽሮት ስለሚከርም ሚኒባሱ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፤ ተሳፋሪውም ወርዶ ይገፋል። ጨሞጋ፣ ሙጋና ሱሃ የሚነሱት ከዚሁ ተራራ ነውና ጠዋት ቁርጭምጭሚት ላይ የነበረው ጅረት ላይኛው ተዳፋት ላይ ሲዘንብ ከሰዓት ጉልበት ሊደርስ ይችላል። እረኞቹ ገሳ ለብሰው ይውላሉ፤ የእንግዳው ቀጭን ጃኬት ግን ብዙም ሳይቆይ ውኃ ያስገባል።

የእኔ ምርጫ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያለው ጊዜ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ መሬቱ ጠጥሯል፣ ሣሩ ግን ገና አረንጓዴ ነው፤ አቧራም ስላልተነሳ ሩቁ ጥርት ብሎ ይታያል። ደግሞ ወርኃ ጽጌ ነው። ቅዳሜ ማታ ደብረ ማርቆስ የሚያድር ሰው ማኅሌተ ጽጌውን ሳይሰማ ባይወጣ ደስ ይለኛል፤ በቅኔ አገር ያንን ሌሊት በእንቅልፍ ማሳለፍ ያስቆጫል። ከኅዳር 15 በኋላ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ የገጠር ቤት ወተትና ቅቤ አያቀርብም፤ ምግቡ ሽሮና ድንች ይሆናል።

ዋናው ችግር ብርዱ ነው። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም። ሰማዩ ሲጠራ ሌሊት የምድሩን ሙቀት የሚይዝ ደመና ስለሌለ ውርጭ ይመታል። በየ100 ሜትሩ ዳገት ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ጫፉ ከከተማዋ 10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ከላይ ማደር የፈለገ ድንኳኑን ጎድጓዳ ቦታ ላይ አይትከል። እንዲህ ያለው ቦታ ከነፋስ የሚከልል ይመስላል፤ ይሁንና ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይተኛል። ከጉብታ ጎን፣ ትንሽ ከፍ ብሎ መትከል ይሻላል። ጋቢ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ይነጠፍ፤ ጀርባን የሚያቀዘቅዘው መሬቱ ነው።

ሰዓቱም እንደ ወሩ ነው። ከደብረ ማርቆስ ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሳት ይበጃል፤ ፀሐይ ሸለቆውን ስታሞቀው እርጥቡ አየር ሽቅብ ይወጣና ወደ ቀትር ግድም ጫፉ በደመና ይሸፈናል። ከባሕር ዳር የሚመጣ ደግሞ አንድ ሌሊት ደብረ ማርቆስ ቢያድር ይሻለዋል፤ ከ1,800 ሜትር ተነስቶ በአንድ ቀን 4,000 መድረስ ራስ ያስመታል፣ ያቅለሸልሻል። ሕመሙ ከባሰ መውረድ እንጂ ክኒን ውጦ ወደ ላይ መቀጠል አያዋጣም።

ታኅሣሥና ጥር ጥርት ያሉ ናቸው፤ ሣሩ ግን ይቢጫል፣ ብርዱም ይብሳል። ከየካቲት ጀምሮ ጭጋግና አቧራው እይታውን ይጋርዳል።

ጅብራን የሚያይ ሰው አይቁረጠው፤ ለዓመታት አድጎ አንዴ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ሳያብብ ከተቆረጠ ዘሩ አይበተንም።

መኪና ሲከራዩ ዋጋው «ደርሶ መልስ፣ ከመቆያው ጋር» ተብሎ ይቆረጥ። እኔን ጫፍ ላይ ቆሞ የመመለሻ ሂሳብ ለብቻው የጠየቀኝ ሹፌር አለ፤ እዚያ ላይ ደግሞ ሌላ መኪና የለም። ከሁሉ በፊት ግን በዋዜማው መናኸሪያ ሄዶ መንገዱ ክፍት መሆኑን፣ በዚያው ቀን ከዚያ የመጣ መኪና መኖሩንም ሹፌሮቹን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ካልመጣ ጉዞውን ማስተላለፍ ነው።