ደሴ ተቀምጬ የመጽሐፍ አሳታሚነት ሁለተኛ ዲግሪ የተማርኩበት መንገድ

በእኛ ከተማ መጽሐፍ የሚያሳትመው አብዛኛውን ጊዜ ደራሲው ራሱ ነው። ገንዘቡን ከእቁቡ ያወጣል፣ ከማተሚያ ቤቱ ጋር ይደራደራል፣ ሽፋኑን ያሠራል፣ ከዚያም ካርቶኑን ተሸክሞ ከመደብር መደብር ይዞራል። እኔ ደሴ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት የገጽ ቅንብር እሠራለሁ። የሠርግ ካርድና የደረሰኝ ጥራዝ እንቅልፍ አይነሳም፤ መጽሐፍ ግን ይነሳል። ደራሲያን «ስንት ቅጂ ላሳትም? ስንት ልሽጠው? ማን ያከፋፍልልኝ?» እያሉ ሲጠይቁኝ አጥጋቢ መልስ የሚሰጥ ሰው በአካባቢዬ አልነበረም። ትምህርቱን መፈለግ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

አገር ውስጥ ጋዜጠኝነትም ሥነ ጽሑፍም መማር ይቻላል፤ መጽሐፍን እንደ ንግድ የሚያስተምር ሁለተኛ ዲግሪ ግን ፈልጌ አላገኘሁም። ከአፍሪካ የኬንያው ሞይ ዩኒቨርሲቲ፣ በጋና ኩማሲ የሚገኘው የክዋሜ ንክሩማ ዩኒቨርሲቲና የደቡብ አፍሪካው ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ይታወቃሉ። በብሪታንያ ደግሞ ስተርሊንግና ኦክስፎርድ ብሩክስ አሉ። ቼቭኒንግ የሚባለው የብሪታንያ መንግሥት የትምህርት ዕድል ወጪውን ይሸፍናል፤ የሚሰጠው ግን ብሪታንያ ሄዶ ለሚማር ነው፤ በርቀት ለሚማር አይሆንም። የኮመንዌልዝ አገሮች የርቀት ትምህርት ዕድልም ኢትዮጵያ አባል ስላልሆነች እኛን አይመለከትም። ቤተሰብና ሥራ ጥዬ መሄድ ስለማልችል፣ በርቀትና በትርፍ ጊዜ የሚያስተምር አንድ የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ መርጬ በራሴ ገንዘብ ተመዘገብኩ።

ከመመዝገቤ በፊት ለዩኒቨርሲቲው የጻፍኩት ደብዳቤ ከማመልከቻው ይበልጥ ጠቅሞኛል እላለሁ። የጠየቅሁት ስለ ዝናቸው አልነበረም። ትምህርቱ ተቀድቶ ይቀመጣል ወይ? ንባቡን አውርጄ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ እችላለሁ ወይ? ክፍያውን ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል ወይ? ለጥናቴ የአገሬን ገበያ መጠቀም እችላለሁ ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች አድበስብሶ የመለሰልኝን ሌላ ዩኒቨርሲቲ ወዲያው ተውኩት።

ጥያቄዎቹ ትክክል እንደነበሩ ለማወቅ ብዙ አልቆየሁም። ትምህርቱ በመስከረም 2016 ሲጀመር በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር፤ እስኪመለስም ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። የመስመር ኢንተርኔት ያለው አንድ ሆቴል ነበር። የሳምንቱን ንባብና የተቀዳውን ትምህርት እዚያ ሄጄ በፍላሽ አወርዳለሁ፤ የውይይት መልሴን ቤት ጽፌ እመጣና እዚያ እለጥፋለሁ። አስተናጋጆቹ ሳላዝዝ ማኪያቶ ማምጣት ጀምረው ነበር። ችግሩን ለመምህራኑ የነገርኳቸው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የማስረከቢያ ቀን ሲደርስ የሚነገር ችግር ሰበብ ይመስላል፤ ቀድሞ የተነገረ ግን መረጃ ነው።

ሁለተኛው ዱላ ከገንዘብ በኩል መጣ። በሐምሌ 2016 መጨረሻ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የእኔ ክፍያ በፓውንድ ነበር፤ ያልከፈልኩት ቀሪ ገንዘብ በብር ሲሰላ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ያዳነችኝ ውጭ አገር የምትኖር እህቴ ናት። እሷ ለዩኒቨርሲቲው ከፈለች፤ እኔ ደግሞ ለእናታችን ትልክ የነበረውን ወርኃዊ ወጪ እዚህ በብር ተክቼ ሸፈንኩ። እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለው ሰው በውጭ ገንዘብ የሚከፈል ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ደጋግሞ ቢያስብ ይሻላል።

ወደ ትምህርቱ ልግባ። የክፍል ጓደኞቼ አብዛኞቹ በአሳታሚ ድርጅቶች የሚሠሩ ብሪታንያውያን ነበሩ። አርትዖትና ማስታወቂያ ያውቃሉ፤ ቀለም የሸተታቸው ግን ጥቂቶች ናቸው። አንድ ትልቅ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል እንበል። ባለ 200 ገጽ መጽሐፍ 12 ተኩል ወረቀት ይሆናል፤ 208 ገጽ ቢሆን ልክ 13 ነው። ስለዚህ ስምንቱን ገጽ ባዶ ከመተው ማስታወሻ ወይም የሌላ መጽሐፍ ማስታወቂያ ማስገባት ይበጃል። ይህን በውይይት ላይ ስጽፍ ጥያቄው ጎረፈ። የማተሚያ ቤት እውቀቴን ለዩኒቨርሲቲ የማይመጥን አድርጌ ሳልደብቀው በመቅረቴ ደስ ይለኛል።

ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ የነበረው አንድ መጽሐፍ ሳይታተም በፊት የሚሠራው የትርፍና ኪሳራ ሰንጠረዥ ነው። በምሳሌ ላሳይ። የሽፋኑ ዋጋ 400 ብር ይሁን፤ መደብሩ 30 በመቶ ይውሰድ። ለደራሲው 280 ብር ይደርሰዋል። 1,000 ቅጂ ለማሳተም 180,000 ብር ወጣ እንበል። ደራሲው «በአንዱ 100 ብር አተርፋለሁ» ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ሁሉም ቅጂ ከተሸጠ ብቻ ነው። ወጪው የሚመለሰው 643ኛው ቅጂ ሲሸጥ ነው፤ 500 ብቻ ከተሸጠ 40,000 ብር ከኪሱ ወጥቷል፣ 500 መጽሐፍም አልጋ ሥር ተኝቷል። ሒሳቡ የአራተኛ ክፍል ነው። ሆኖም በሥራ ዘመኔ ይህን አስልቶ የመጣ ደራሲ አላስታውስም።

ሌላው የቤት ሥራ ሳይሸጡ ስለሚመለሱ መጻሕፍት ነበር። በብሪታንያ መደብሩ ያልሸጠውን ለአሳታሚው መመለስ ይችላል፤ አሳታሚው የሚመለሰውን ብዛት አስቀድሞ ይገምታል። እኔ የእነሱን ምሳሌ ከመገልበጥ ይልቅ እዚሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወዳሉ መጽሐፍ ሻጮች ሄድኩ። አንድ አረጋዊ ነጋዴን «ጋሼ፣ ያልተሸጠውን ምን ያደርጉታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን አደርገዋለሁ ልጄ? ደራሲው እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ሞቶ የቀረም አለ፤ ወራሽ ብሎ የመጣ የለም። መጽሐፉ ይኸው መደርደሪያው ላይ ነው» አሉኝ።

በሌሎቹም ዘንድ ያገኘሁት ተመሳሳይ ነበር። አሠራሩ በመሠረቱ ከብሪታንያው አይርቅም፤ በእኛም ዘንድ መጽሐፉ የሚሰጠው በአደራ ነው። የሚጎድለው ሰነድ ነው። የደራሲው ገንዘብ ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ በየሻጩ ደብተር ተበትኖ ይቀመጣል፤ ደብተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በዚህ ላይ የጻፍኩት ከሠራኋቸው የቤት ሥራዎች ሁሉ ከፍተኛውን ውጤት አገኘ። የቅጂ መብት ኮርስ ላይ ደግሞ ወደ ጋሼ መደርደሪያ ተመለስኩ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል፤ በብሪታንያ 70 ነው። ስለዚህ የሟቹ መጽሐፍ ባለቤት አለው፤ ወራሾቹ አያውቁም እንጂ።

ስለ መጽሐፍ መረጃ አመዘጋገብ የተማርነው ደረቅ ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን ያናደደኝም ያስተማረኝም እሱ ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ግዴታ ይላል፤ እኛ ያለን የአባት ስም ነው። ያንኑ ደራሲ አንዱ መዝገብ በራሱ ስም፣ ሌላው በአባቱ ስም ያስገባዋል፤ ፈላጊው ሁለት ሰው ይመስለዋል። በታኅሣሥ 2016 የታተመ መጽሐፍ በእነሱ አቆጣጠር እንደ ቀኑ 2023 ወይም 2024 ይሆናል። ለኢትዮጵያ መጻሕፍት በ978-99944 የሚጀምር ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር (ISBN) ተመድቧል፤ ከመደርደሪያችን ያነሳኋቸው ብዙ መጻሕፍት ግን ይህ ቁጥር የላቸውም። የግዕዝ ፊደል በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኮምፒውተሮች ፊደላትን በጋራ ወደሚለዩበት ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ ገብቷል፤ እኛ ጋ ግን በቀድሞው የመተየቢያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ የተተየቡ የመጽሐፍ ፋይሎች እስከ ዛሬ ይመጣሉ። ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ይሆናሉ። እንዲህ ያለው ፋይል ካልተቀየረ ኢንተርኔት ላይ ርእሱን እንኳ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

የመመረቂያ ጥናቴ የአማርኛ መጽሐፍ ከአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ተነስቶ ደሴ አንባቢ እጅ እንዴት እንደሚደርስ ነበር። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መጽሐፉ በአውቶቡስ ተጭኖ በደብረ ብርሃንና በከሚሴ በኩል ኮምቦልቻ ይደርስና የሐረጎን ዳገት ይወጣል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር አዲስ መጽሐፍ ይጠፋል። እዚህ ላይ ዩኒቨርሲቲው ቃለ መጠይቅ የሚሰጥ ሁሉ የፈቃድ ቅጽ እንዲፈርም ይጠይቃል። ነጋዴ ደግሞ ወረቀት አውጥተህ ፈርም ስትለው የግብር ጉዳይ ይመስለዋል፤ ሁለት ሻጮች በትሕትና ሸኙኝ። ለአማካሪዬ ሁኔታውን ጽፌ አስረዳሁና በድምፅ የተቀዳ የቃል ፈቃድ እንዲበቃ አስፈቀድኩ። ሁለቱም ተመልሰው አነጋገሩኝ። ከቃለ መጠይቁ ይልቅ ጊዜዬን የበላው የተቀዳውን በጽሑፍ ማስፈርና ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነው፤ ለዚህ ካሰባችሁት ሁለት እጥፍ ጊዜ መድቡ።

ዲግሪው ደመወዜን አልጨመረልኝም። አሁን መጽሐፍ ይዞ ለሚመጣ ደራሲ የኅትመት ዋጋ ከመንገሬ በፊት ሰንጠረዡን አብረን እንሞላለን። አንዳንዱ ተቆጥቶ ወደ ሌላ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ አለቃዬም በዚህ ደስተኛ አይደሉም። ከጥናቱ የወጣ አንድ ገጽ የርክክብ ሰነድም አዘጋጅቻለሁ፤ የመጽሐፉ ርእስ፣ ብዛቱ፣ የሽፋን ዋጋው፣ የሻጩ ድርሻና ሒሳብ የሚዘጋበት ቀን ይሞላበታል። አንዱ ቅጂ ለደራሲው፣ ሌላው ለሻጩ ነው። ጋሼ መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ በኋላ ግን አንድ ጥራዝ ሙሉ አሳተሙ፤ ዋጋ ቀንሱልኝ ብለውም ተከራከሩ።