ድሬዳዋ ላይ ፋይበሩን የት፣ መዳቡን የት እንደዘረጋሁ

ከዚራ ውስጥ ላለ ባለ ሦስት ሕንፃ ግቢ ኔትወርክ ስዘረጋ ምርጫውን የወሰነው ፍጥነት አልነበረም። ለአንድ ጂጋቢት ካት 6 የሚባለው የመዳብ ኬብልም፣ ሲግናሉን በብርሃን የሚያስተላልፈው የብርጭቆ ክር፣ ፋይበርም ይበቃሉ። የወሰኑት ሙቀቱና በሕንፃዎቹ መሃል ያለው ሜዳ ናቸው።

የመዳብ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል ሲባል 90ው በግድግዳና በኮርኒስ የሚያልፈው፣ 10ሩ በየጫፉ መሣሪያውን የሚያገናኘው አጭር ኬብል፣ የፓች ኮርዱ፣ ድርሻ ነው፤ ያውም በ20 ዲግሪ። መዳብ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ሲግናሉም ይዳከማል። 90ው ሜትር በ40 ዲግሪ ወደ 84፣ በ60 ዲግሪ ወደ 75 ይወርዳል። ሰኔ ላይ በቀትር ድሬ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የገባ ሰው 60 የተጋነነ አይመስለውም። ስለዚህ ከራኩ (ከኔትወርክ መሣሪያዎቹ መደርደሪያ) እስከ ሶኬቱ 70 ሜትር ካለፈ መዳብ አልዘረጋም። በኔትወርክ ኬብሉ ራሱ ኃይል የሚያገኙ ካሜራዎች ካሉ ደግሞ ኬብሎቹን በትልቅ እስር አላጭቃቸውም፤ መሃል ያሉት ሙቀታቸውን የሚያወጡበት አያገኙም።

ካት 6 እየተባለ በመዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ይሸጣል። ሽቦውን በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ ነጭ ከሆነ እሱ ነው። እኔ ግን መልቲሜትር ይዤ ነው የምሄደው። ከ305 ሜትሩ ካርቶን ሁለቱን ጫፎች አውጥቶ፣ በአንዱ ጫፍ የአንድ ጥንድ ሁለት ሽቦዎችን ማገናኘትና በሌላው መለካት ነው። ደንቡ በ20 ዲግሪ እስከ 57 ኦም ይፈቅዳል፤ በድሬ የቀን ሙቀት 60 ብል አይከፋም። ከዚያ ካለፈ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አልገዛም።

ከሕንፃ ሕንፃ ያለውን ሁለቱንም መስመር በፋይበር ሠራሁ። አንዱ 140 ሜትር ስለሆነ ምርጫ አልነበረውም። ሌላው 60 ብቻ ነው፤ መዳብ ይደርስ ነበር። ሁለት ሕንፃዎች የየራሳቸው ኤርዝ ሲኖራቸው ግን በክረምት መብረቅ በሁለቱ መሃል የሚፈጠረው የቮልቴጅ ልዩነት የሚያልፈው በኔትወርክ ኬብሉ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ያሉ ስዊቾች (ኬብሎቹ የሚሰኩባቸው ማከፋፈያዎች) ይቃጠላሉ። ብርጭቆ ይህን አያስተላልፍም። በዚሁ ምክንያት የብረት ልባስ ያለውን ፋይበርም ተውኩት። አይጥን ለመከላከል ብረት የሌለውን የውጭ ኬብል ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገብቼ የቱቦውን አፎች በፎም ደፈንኩ።

ፋይበር ሁለት ዓይነት ነው፤ ብርሃኑ የሚያልፍበት መሃሉ ሰፋ ያለው መልቲ ሞድና ቀጠን ያለው ሲንግል ሞድ። መልቲ ሞድ ይሻላል ወይ የሚለው ብዙ አያከራክርም፤ እኔ ሲንግል ሞድ መረጥኩ። ኦኤም3 የሚባለው መልቲ ሞድ 10 ጂጋቢትን 300 ሜትር ያደርሳል፤ የድሮው ብርቱካናማ ኦኤም1 ግን 33 ሜትር ላይ ያቆማል። ሲንግል ሞድ በተለመደው ኤልኤክስ ሞጁል (ስዊቹ ላይ ተሰክቶ ሲግናሉን ወደ ብርሃን በሚቀይረው) ኪሎሜትሮች ይሄዳል፣ ነገ ፍጥነት ቢያድግም ኬብሉ አይቀየርም። አራት ክር ያለው ኬብል ዘርግቼ ሁለቱን ለመጠባበቂያ ተውኩ። የብርሃን ኪሳራው በዲቢ (ዴሲቤል) ሲሰላ፦ ለ140 ሜትር 0.05 ዲቢ፣ ለሁለት ኮኔክተር (መሰኪያ) 1፣ ለሁለት ስፕላይስ (የክር መቀጠያ) 0.2፣ በድምሩ 1.25 ዲቢ ነው። ሞጁሉ የሚችለው ኪሳራ 8 ዲቢ ስለሆነ ገና ብዙ ይቀራል።

ይህን ትርፍ የሚበላው አቧራ ነው። የሲንግል ሞድ ኮር፣ ብርሃኑ የሚያልፍበት መሃሉ፣ 9 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ነው፤ የድሬ አቧራ አንዲት ቅንጣት ልትሸፍነው ትችላለች። ስፕላይሱን በጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ በርና ቬንቲሌተር ዘግቶ መሥራት ይሻላል። ኮኔክተሩ ከመሰካቱ በፊት ሁልጊዜ፣ ከፋብሪካ የመጣም ቢሆን፣ ክር በማይለቅ ጨርቅና በአይሶፕሮፒል ይጠረጋል። ክዳኑ የሚነሳው ሊሰካ ሲል ብቻ ነው።

የኮኔክተሩ ቀለምም ይታይ። ለቤት ኢንተርኔት የሚውለው በአብዛኛው አረንጓዴው፣ ጫፉ 8 ዲግሪ ያዘነበለው ነው፤ ለስዊች ሞጁል የሚያስፈልገው ሰማያዊው ነው። ሁለቱን ማጋጠም መሃል ላይ ክፍተት ይፈጥራል፣ ብዙ ዲቢ ይወስዳል፣ ጫፉንም ይጎዳል።

በመጨረሻ የመስመሩን ኪሳራ በ1310ም በ1550ም ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ እለካለሁ። ሁለቱም ከፍ ካሉ ቆሻሻ ወይም መጥፎ ስፕላይስ ይሆናል። 1550ው ብቻ ከተበላሸ ኬብሉ የሆነ ቦታ ከልክ በላይ ታጥፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያው ስፕላይስ ሳጥኑ ውስጥ፣ ክዳኑ የተጫነው ጥቅል ላይ ነው።