ከሊዮን በታች የቆመው ካምፐር

የምሠራው አዲስ አበባ፣ ስታዲየም አካባቢ ባለ የጉዞ ወኪል ቢሮ ነው። ቲኬት እንቆርጣለን፣ ሆቴል እንይዛለን፣ የጉዞ ኢንሹራንስ እንሸጣለን። ክረምት ሲገባ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ አውሮፓ የሚሄዱ እናትና አባቶች ይበዙብናል። ለሸንገን ቪዛ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ የሕክምና ሽፋን ስለሚጠየቅ፣ ብዙዎቹ ከእኛ ዘንድ ይገዛሉ።

ይህ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ሰውን ነው። ድንገት ቢታመሙ፣ ሆስፒታል ቢገቡ፣ የባሰ ነገር ቢመጣ ወደ አገር እንዲመለሱ። መኪና አይመለከተውም። ወረቀቱን ስሰጥ ይህንን እናገራለሁ። ግን «ኢንሹራንስ አለን» ብሎ ከቢሮ የወጣ ሰው፣ ችግር ሲገጥመው መጀመሪያ ትዝ የሚለው ያው ወረቀት ነው። አይፈረድበትም።

አምና በፍልሰታ ጾም፣ አንድ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ የቢሮው ስልክ ጮኸ። የሚያናግረኝ ሰው ድምፅ በከባድ መኪኖች ጩኸት ተውጧል። «እህቴ፣ አባቴና እናቴ ኢንሹራንስ የገዙት ከእናንተ ነው። መኪናችን ፈጣን መንገድ ላይ ቆሞብናል። እባክሽ ሰው ላኩልን!» አለኝ።

ልጁ ኑሮው ፍራንክፈርት ነው። ፊያት ዱካቶ ላይ የተሠራ ያገለገለ ካምፐር ገዝቷል። አልጋው፣ ምድጃው፣ መጸዳጃው ሁሉ ውስጡ ነው። ወላጆቹን የደቡብ ፈረንሳይን ባሕር ሊያሳይ ይዟቸው ወጣ። ሊዮንን አልፈው በኤ7 መንገድ ወደ ቫላንስ ሲወርዱ ፍሪሲዮኑ ሸተተ። ማርሽ ይገባል፣ መኪናው ግን አይሄድም። እንደምንም ዳር አስያዘው።

ስለ ውሉ ከመጠየቄ በፊት «ወላጆችህ የት ናቸው?» አልኩት። ውስጥ ተቀምጠዋል አለኝ። እናትየው እግራቸውን ያማቸዋል። ደነገጥኩ። ፈጣን መንገድ ዳር የቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ ከብልሽቱ ይልቅ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ አንድ ያንቀላፋ የጭነት መኪና ሹፌር ይበቃል። «በቀኝ በኩል አውርዳቸው። አንጸባራቂ ሰደርያ ልበሱና ከብረት አጥሩ ወዲያ ቁሙ» አልኩት። ስልኩ ሳይዘጋ አባትየው «ቀስ በይ፣ እጄን ያዢ» ሲሏቸው ይሰማኛል።

ልጁ ከእኔ በፊት ጀርመን ላለው የብልሽት እርዳታ ደውሎ ነበር። ከመኪና ኢንሹራንሱ ጋር አብሮ የመጣ፣ መላ አውሮፓን የሚያካትት ሽፋን ነው። እነሱ ደግሞ ለጊዜው ክሬን መላክ አንችልም ብለውታል። በዚህስ አልተሳሳቱም። በፈረንሳይ ፈጣን መንገዶች ላይ የፈለጉትን ክሬን መጥራት አይቻልም። ለዚያ የመንገድ ክፍል ፈቃድ የተሰጠው ድርጅት ብቻ ነው የሚያነሳው። የሚጠራውም በየሁለት ኪሎ ሜትሩ በቆመው ብርቱካናማ የእርዳታ ስልክ ነው፤ ስልኩ ያለህበትን ቦታ ራሱ ይናገራል። ስልኩ ከሌለ 112 አለ። የማንሻውን ሒሳብ ባለመኪናው ከፍሎ ደረሰኙን ለብልሽት ሽፋኑ ያቀርባል። ይህንን ከሌላ ደንበኛ ጉዳይ ስለማውቀው ነገርኩት። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላና ቅዳሜና እሁድ ዋጋው ስለሚጨምር ቶሎ እንዲደውል አጣደፍኩት።

ክሬኑ ሲመጣ መኪናው ከበደውና ሌላ ትልቅ ክሬን ተጠራ። ካምፐሩን እየጫኑት ሳለ እናትየው ከኋላ ሲጮኹ በስልኩ ሰማሁ። «ልጄ! የደም ግፊት መድኃኒቴ እኮ ከአልጋው በላይ ነው ያለው!» ልጁ ሮጦ ወጣና አወረደላቸው። ፓስፖርቶቹን፣ የሽሮውን ዕቃና ጋቢዎቹንም በዚያው ያዘ። ጋራዡ ዓርብ ማታ ተዘግቶ የሚከፈተው ሰኞ ነው። ያ መድኃኒት ውስጥ ቢቀር ኖሮ ምን ይደረግ ነበር?

ተራ መኪና ሲበላሽ መኪናውን ለጋራዥ ትተህ ወደ ሆቴልህ ትሄዳለህ። ካምፐር ሲበላሽ ግን ሆቴሉም አብሮ ነው ክሬን ላይ የሚጫነው። ምግቡ፣ አልጋው፣ መድኃኒቱ ተቆልፎበት ይሄዳል። የካምፐር ሽፋን ሲመረጥ የተሳፋሪዎች ማደሪያ ዋና ጉዳይ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ልጁ የውሉንና የመኪናውን መመዝገቢያ ፎቶ በዋትሳፕ ላከልን። ስድስት ኪሎ ጎተ ኢንስቲትዩት ጀርመንኛ የተማረ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን አነበብነው። ውሉ ጥሩ ይመስላል። ማንሻ አለ፣ ሆቴል አለ፣ መኪናውን ወደ ጀርመን መመለስም አለ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን «እስከ 3.5 ቶን» ይላል። መመዝገቢያው ላይ ደግሞ ኤፍ.1 ከሚለው ቁጥር ትይዩ 3,850 ኪሎ ተጽፏል።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች መመዝገቢያ ላይ ኤፍ.1 መኪናው ከነጭነቱ ሊደርስ የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት ነው የሚያሳየው። ልጁ የሚያውቀው ፋብሪካው ባዶውን የጻፈለትን ክብደት ነበር። የቀድሞው ባለቤት ደግሞ ብዙ ዕቃ ለመጫን ሲል የተፈቀደውን ክብደት አስጨምሮ አስመዝግቦታል። መንጃ ፈቃዱ እንኳ ችግር አልነበረበትም። ጀርመን ተራው የቢ መንጃ ፈቃድ እስከ 3.5 ቶን ብቻ ቢሆንም፣ እሱ ሥራው ከተማ ውስጥ የጭነት መኪና ማሽከርከር ስለሆነ የከባዱ አለው። ሽፋኑ ግን ለዚህ መኪና አይሠራም። ደውሎ ሲጠይቅም ያንኑ መለሱለት። ማንሻው፣ ሆቴሉ፣ የጋራዡ ማቆሚያ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ሁሉም ከኪስ ሆነ።

እኔን ግን ከገንዘቡ ይልቅ ያስጨነቀኝ ቪዛው ነበር። የወላጆቹ በረራ ከፍራንክፈርት ረቡዕ ነው። ቪዛው ላይ የተሰጣቸው የቆይታ ቀንም ሊያልቅ ተቃርቧል። ነሐሴ ደግሞ ፈረንሳይ ብዙ ጋራዥ የሚዘጋበት የዕረፍት ወር ነው፤ ፍሪሲዮኑ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። መኪናውን እንጠብቅ ቢሉ ቪዛው አልፎባቸው ሕገ ወጥ ሊሆኑ ነው። ይህ እንግዲህ ፍራንክፈርት ቤት ያለው ሰው የማያስበው፣ ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው ግን ሌሊት የሚያባንነው ጉዳይ ነው። ከሊዮን ፍራንክፈርት በቀጥታ የሚሄድ ፈጣን ባቡር ስላለ፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች በእሱ እንዲመልሳቸው ተስማማን። በረራቸው ላይ ደረሱ። ካምፐሩን ልጁ በኋላ ብቻውን ሄዶ አመጣው።

ከዚያ ወዲህ «ልጄ በካምፐር ሊያዞረን ነው» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ውሉንና መመዝገቢያውን አስልኬ ሳላይ አላሰናብትም። ሥራዬ አይደለም የሚሉኝ አሉ። ለእኔ ሥራዬ ነው። መጀመሪያ የማየው ክብደት፣ ርዝመትና ከፍታ ነው። ውኃ ብቻውን ይመዝናል፤ መቶ ሊትር መቶ ኪሎ ነው። ጣሪያው ሦስት ሜትር የሚጠጋ መኪና ደግሞ ሁሉም ክሬንና ሁሉም ጋራዥ አይችለውም። ቀጥሎ የመኪናው ዕድሜ። አንዳንድ ውል ያረጀ መኪና አይቀበልም።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ዋናው ነው። እዚያው ካልተጠገነስ? «እስከ ቅርብ ጋራዥ እናደርሳለን» የሚል ውል እዚያው ጥሎህ ሊሄድ ይችላል። መኪናውን ወደ አገሩ የሚመልስ መሆን አለበት። እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ገደብ አለው፤ የማጓጓዣው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ከበለጠ አይመልሱትም። ለአሮጌ ካምፐር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «ወደ ቤት ይመለሳሉ» ሲልም የማን ቤት? ብዙ ጊዜ ባለ ውሉ የተመዘገበበት አድራሻ ነው፤ የእኛ ሰው የሚፈልገው ደግሞ በቀኑ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ ነው። ተለዋጭ መኪና ቢሰጡም ትንሽ የቤት መኪና እንጂ ካምፐር አይደለም። ስለዚህ የሆቴሉ ሌሊት ስንት እንደሆነ፣ ለስንት ሰው እንደሆነ መታወቅ አለበት። ርካሽ የሆነው ውል የሚረክሰው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ጎማም አይረሳ። ብዙ ካምፐር ትርፍ ጎማ የለውም፤ ውሉ ግን ይዘህ እንድትገኝ ሊጠይቅ ይችላል።

ከዚሁ ከአዲስ አበባ በመኪናቸው በሞያሌ ወደ ናይሮቢ የሚወርዱም ይጠይቁናል። «ቢጫ ካርድ አውጥተናል፣ ይበቃል አይደል?» ይላሉ። የኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ፣ ማለትም ድንበር ተሻግሮ የሚሠራው የመኪና ኢንሹራንስ፣ በ1986 እ.ኤ.አ. እዚሁ አዲስ አበባ በተፈረመ ስምምነት የመጣ ጥሩ ነገር ነው። ግን የሚሸፍነው ሦስተኛ ወገንን፣ እንዲሁም የሹፌሩንና የተሳፋሪዎቹን የሕክምና ወጪ ነው። ማርሳቢት በረሃ ላይ ሞተር ቢነክስባችሁ ክሬን አይልክም። እዚህ «ሙሉ ኢንሹራንስ» የምንለውም ቢሆን በመሠረቱ ለግጭት፣ ለእሳትና ለስርቆት እንጂ በእርጅና ለተበላ ፍሪሲዮን አይደለም። ከድንበር ማዶ ማንሳትን ይጨምር እንደሆነ ከኢንሹራንሳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ እላቸዋለሁ።

እነዚያ እናትና አባት ዘንድሮም ሊሄዱ ነው። አባትየው ባለፈው ሳምንት ቢሮ መጡና «ጋሼ፣ ደግሞ በካምፐር?» ስላቸው፣ «ባሕሩን እኮ አላየነውም ልጄ» አሉኝ። ልጁ ለካምፐር ተብሎ የተዘጋጀ ሽፋን ገዝቷል፤ ውሉን ልኮልን አይተነዋል። እስከ 7.5 ቶን ይቀበላል፣ መኪናውን ይመልሳል፣ ሆቴልም ለሁሉም ተሳፋሪ ይከፍላል። ያላገኘነው ወላጆቹ ከመኪናው ተለይተው ቀድመው መመለስ ቢኖርባቸው የባቡሩን ማን ይከፍላል የሚለውን ነበር። ጠይቆ መልሱን በኢሜይል አምጥቷል፤ ይሸፍናሉ። ቲኬታቸውንም ትናንት ቆረጥን፤ የመመለሻው ቀን ቪዛው ከማለቁ አንድ ሳምንት ቀደም ይላል።