ምን ላምጣልሽ

ዛሬ ሁሉ ነገር ደብሮኛል። ዝናቡ አላባራ ብሏል፣ እኔም ብርድ ልብስ ለብሼ ነው የዋልኩት፣ የሚበርደኝ ከአየሩ ይሁን ከታይሮይዴ፣ አንገቴ ላይ ካለው ከሰነፈው እጢ፣ እንጃ። እህቴ መምጫዋ ስለደረሰ «ቫይታሚን ምን ላምጣልሽ» ብላ የአንድ ሱቅ መደርደሪያ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፣ እሱን እያጎላሁ ሳነብ መሸ።

አንዱ ብልቃጥ «ለታይሮይድ ድጋፍ» ይላል። ጀርባውን አዙረሽ አንሺልኝ አልኳት። ኬልፕ የሚሉት የባህር አረም አለበት፣ ያው አዮዲን ነው። ላዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል፣ ኬልፕ ግን ከዛ ስንት እጥፍ ሊኖረው ይችላል፣ መጠኑም ከብልቃጥ ብልቃጥ ይለያያል። የኔ ደግሞ ሃሺሞቶ ነው፣ ሰውነቴ ራሱ ነው እጢዬን የሚያጠቃው፣ አዮዲን ከበዛበት ጭራሽ ሊብስበት ይችላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆንብኛል፣ ተዪው አልኳት። ለፀጉር የሚባለው ባዮቲንም ይቅር፣ ፀጉሬ እየረገፈ ስለሆነ ልቤ ከጅሎት ነበር፣ ግን የደም ምርመራ ያዛባል፣ ቲኤስኤቼን፣ የመድኃኒቴ መጠን የሚወሰንበትን የደም ልኬት፣ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ቢያሳየውና ዶክተሯ እሱን አይታ መድኃኒቱ በዝቷል ብላ ብትቀንስብኝስ? ሴሌኒየም የሚሉት ማዕድንም ቢሆን በቀን ከ400 ማይክሮግራም ማለፍ የለበትም። ቫይታሚን ዲ እና ቢ12 ግን መጀመሪያ ልመርመር፣ ካነሰኝ ታመጪልኛለሽ አልኳት፣ በተለይ ቢ12፣ ያው ከስጋና ከወተት ነው የሚገኘው፣ ጾሙን ሁሉ ስጾም ከወዴት አገኘዋለሁ? አይረን ከጀመርኩም ከታይሮይድ ኪኒኔ ከሌቮታይሮክሲን ቢያንስ 4 ሰዓት መራቅ አለበት፣ ካልሲየምም እንደዛው። አሁንም እኮ ጠዋት ኪኒኗን በባዶ ሆዴ በውሃ ውጬ፣ ቡናው እየሸተተኝ አንድ ሰዓት ያህል እጠብቃለሁ።

አዮዲን አዮዲን ስል አያቴ ትዝ አለችኝ። አንገቷ ላይ እንቅርት ነበራት፣ እንቁላል የሚያህል፣ በላዩ ላይ ንቅሳቷ ክብ ክብ እየሰራ ይዞራል፣ እንቅርቱን ያጠፋል ተብሎ ነው የተነቀሰችው ይላሉ። ሰፈሯ ውስጥ እንቅርት የሌላት ሴት ነበረች እንዴ? ደጋ ነው፣ የአፈሩን አዮዲን ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል፣ እሷ ደግሞ ከገበያ የሚመጣውን የድንጋይ ጨው በሙቀጫ ወቅጣ ነበር ወጥ የምትሰራው። ጨው አዮዲን ይግባበት ተብሎ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ ያኔ እሷ አርፋለች። እኔ እዚህ የበዛ አዮዲን እሸሻለሁ፣ እሷን ያንን ሁሉ ዘመን የጎዳት ማነሱ ነው።

በበጋ እንኳ ከጋቢ ውስጥ አትወጣም ነበር። እሳት ዳር ተቀምጣ እግሬ ከበደኝ ትላለች፣ ስራ ላይ እጇ አይፈጥንም፣ ቤተሰቡም «እሷ ቀዝቃዛ ናት» እያለ ሲያማት እሰማ ነበር፣ እሷ መልስ አትሰጥም። እኔ ይሄ ድካም ስም ወጥቶለት፣ በደም ተለክቶ፣ መድኃኒት ይዤም እንዲህ ከከበደኝ እሷ እንዴት አድርጋ ነው ያን ሁሉ ውሃ የቀዳችው፣ ያን ሁሉ ልጅ ያሳደገችው? ድምጿም ጎርነን ያለ ነበር። ከልጅነቷ እንደዛ ነበር ወይስ በኋላ የመጣ ነው? እናቴ ታስታውስ ይሆን?