ብረቱ ከተነሣ በኋላ፦ ስለ ሪቴይነር ምርጫና አያያዝ

ከታችኞቹ የፊት ጥርሶቼ አንዱ፣ ከመሐል ወደ ግራ ሁለተኛው፣ ዛሬም ከጎረቤቱ ትንሽ ዘወር ብሎ ነው የቆመው። ሌላ ሰው ልብ አይለውም፤ እኔ ግን ምላሴ በነካው ቁጥር አውቀዋለሁ። ለሁለት ዓመት ያህል የቆየው የጥርስ ብረት ተነሥቶልኝ፣ የተስተካከሉትን ጥርሶች ባሉበት የሚይዘውን ሪቴይነሬን ተቀብዬ ልወጣ ስል ሐኪሜ «ብረቱ ተነሣ እንጂ ሕክምናው አላለቀም» ብለውኝ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ሳላጓድል አደረግሁት። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሌሊት ሳላደርገው አደርሁ፤ ከዚያ ሦስት ሌሊት ሆነ፤ ከዚያም ወራት አለፉ። አንድ ምሽት ከማስቀመጫው አውጥቼ ላጠልቀው ስሞክር በሌሎቹ ጥርሶች ላይ ልክክ ብሎ ሲቀመጥ እዚያ ጥርስ ላይ ግን አልወርድ አለ። መስታወት ፊት ተጠግቼ ሳየው በፕላስቲኩና በጥርሱ ጫፍ መካከል እንደ ጥፍር የቀጠነ ክፍተት ይታያል። ነክሼ በግድ ላስገባው ስል ጠርዙ ላይ ተሰነጠቀ። ይህን የምጽፈው ብረታቸው በቅርቡ የሚነሣላቸው ሰዎች፣ ለልጆቻቸው ሪቴይነር የሚመርጡ ወላጆችም፣ ያችን ምሽት እንዳያዩ ብዬ ነው።

በቅድሚያ፣ የተስተካከለ ጥርስ ለምን ባለበት እንደማይቀር መረዳት ያስፈልጋል፤ ይህን የተረዳ ሰው ሪቴይነሩን እንደ ተጨማሪ ዕቃ አይቆጥረውምና። ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር የተመታ ነገር አይደለም። በሥሩና በመንጋጋው አጥንት መካከል እጅግ ቀጫጭን የሆኑ የጅማት ክሮች አሉ፤ ጥርሱ አጥንቱ ውስጥ የሚቆመው በእነዚህ ክሮች ታስሮ ነው። ብረቱ ጥርሱን ሲገፋው በተገፋበት በኩል ያለው አጥንት እየተበላ ይሄዳል፣ በለቀቀው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል፤ ጥርስ ከቦታው የሚንቀሳቀሰው እንዲህ ነው። ወደ አዲሱ ቦታው ከደረሰ በኋላ በሥሩ ዙሪያ ያሉት ክሮች እንደገና ለመደራጀት ከ3 እስከ 4 ወር ይወስዱባቸዋል። በድዱ ውስጥ ያሉት ግን ይዘገያሉ፤ በተለይ የጥርሱን አንገት ከበው የያዙት ተለጣጭ ክሮች ዓመት እስኪሞላና ከዚያም በኋላ ጥርሱን ወደ ቀድሞ ቦታው መሳባቸውን አይተዉም። ዞሮ የነበረ ጥርስ ከተስተካከለ በኋላ ተመልሶ ለመዞር ከሌሎች ይልቅ የሚቸኩለው በዚህ ምክንያት ነው። የእኔም ጥርስ ብረቱ ከመታሰሩ በፊት ዞሮ የነበረ ጥርስ ነው።

ክሮቹ ከረጉ በኋላም ጉዳዩ አያበቃም። ብረት ታስሮለት የማያውቅ ሰው እንኳ ዕድሜው በገፋ ቁጥር የታችኛው መንጋጋው የፊት ክፍል በጥቂቱ እየጠበበ ጥርሶቹ መጨናነቅ ይጀምራሉ። ብዙ ሰው ለዚህ ተጠያቂ የሚያደርገው በመጨረሻ የሚበቅለውን የኋላ መንጋጋ ጥርስ ነው፤ ነገር ግን ያ ጥርስ የተነቀለላቸው፣ ጭራሹኑ ያልበቀለላቸውም ሰዎች የፊት ጥርሶቻቸው ይጨናነቃሉ። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ ለማስተካከያው ሲባል አንዳንድ ጥርሶቻቸው የተነቀሉላቸውንና ሪቴይነር ካቆሙ ቢያንስ 10 ዓመት ያለፋቸውን 65 ሰዎች መርምረው፣ ከሦስቱ የሁለቱ ያህል የታችኛው የፊት ጥርሶቻቸው አሰላለፍ አጥጋቢ ሆኖ እንዳልቆየ አግኝተዋል። «ሪቴይነሩን እስከ መቼ ነው የማደርገው?» ለሚለው ጥያቄ ብዙ ሐኪሞች ዛሬ «ጥርስዎ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ እስከፈለጉ ድረስ» ብለው የሚመልሱት ይህን እያወቁ ነው። መልሱ መጀመሪያ ስሰማው ከብዶኝ ነበር፤ አሁን ግን ከሐኪም የሰማሁት እጅግ ቅን መልስ ይመስለኛል።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ በአገልግሎት ላይ ያሉት ዋና ዋና ዓይነቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ሃውሊ ከመቶ ዓመት በፊት የነደፉትና ዛሬም በስማቸው የሚጠራው ነው። ላንቃ ላይ፣ ለታችኛው መንጋጋ ደግሞ ከምላስ በኩል የሚያርፍ፣ አክሪሊክ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ አካልና የፊት ጥርሶችን ከውጭ አቅፎ የሚይዝ ቀጭን ሽቦ አለው። ጠንካራ ነው፤ በጥንቃቄ ከተያዘ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ሽቦው ቢላላ ሐኪሙ ያጠብቀዋል። ጥርሶች የሚገናኙበትን ገጽ ስለማይሸፍን የላይኛውና የታችኛው ጥርስ ሲነከስ በራሳቸው ጊዜ ቦታ ቦታቸውን እየያዙ ይሄዳሉ። በሌላ በኩል ሽቦው ይታያል፤ ላንቃን የሚሸፍነው ክፍልም በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ሰ» እና «ሸ» የሚሉትን ድምፆች ያኮላትፋል። ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ምላስን ቶሎ ያለማምዳል።

ሁለተኛው ከስስ ፕላስቲክ የሚሠራው ግልጽ ሪቴይነር ነው። የፕላስቲኩ ዝርግ በሙቀት ይለሰልስና በጥርሱ ቅጂ ላይ ተስቦ ይጣበቃል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ጥርስ እንደ ጓንት ይለብሰዋል። ካልተጠጉት አይታይም፤ ለንግግርም ይቀላል። ድክመቱ ዕድሜው ማጠሩ ነው፤ ይሰነጠቃል፣ ይደበዝዛል፣ በእንቅልፍ ልቡ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ደግሞ ቶሎ ይበሳዋል። አንዴ ከተጣመመ እንደ ሃውሊው ተጠብቆ የሚስተካከልበት መንገድ የለም። ሦስተኛው ቋሚው ነው፤ ከክራንቻ እስከ ክራንቻ ከጥርሶቹ ጀርባ ኮምፖዚት በሚባል የጥርስ ሙጫ የሚጣበቅ ቀጭን ሽቦ ነው። ሌሊትና ቀን ስለማይወልቅ የሰውን ትዝታም ሆነ ትጋት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጽዳትና ክትትል ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2016 ባወጣው ግምገማ ከእነዚህ አንዱን ከሌላው አብልጦ ለመምከር የሚያበቃ መረጃ አላገኘም። ይህ ማለት ግን በዕጣ ይመረጥ ማለት አይደለም፤ መልሱ ያለው በራስ አፍ ታሪክ ውስጥ ነው ማለት ነው። ሐኪምን መጀመሪያ መጠየቅ የሚገባው «ከእኔ ጥርሶች ወደ ኋላ ይመለሳል ብለው የሚያስቡት የትኛውን ነው?» የሚለውን ነው ብዬ አምናለሁ። በላይኛው የፊት ጥርሶች መካከል ሰፊ ክፍተት የነበረበት ወይም ዞረው የነበሩ ጥርሶች ያሉት ሰው ቋሚ ሽቦ፣ በላዩም ሌሊት ሌሊት የሚጠለቅ ሪቴይነር ቢኖረው ይሻለዋል። ላንቃው እንዲሰፋ የተደረገለት ሰው ስፋቱን የሚደግፍለት ጠንካራ አክሪሊክ ያስፈልገዋል፤ ስስ ፕላስቲክ ለዚህ አቅም ያንሰዋል። ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ወፈር ያለ ፕላስቲክ ወይም ሃውሊ ይጠይቅ። ዕቃ ለሚጥል ልጅ ቋሚው መልካም ነው፤ ያው ልጅ ጥርሱን በሚገባ የማይቦርሽ ከሆነ ግን ሽቦው የቆሻሻ መከማቻ ሊሆንበት ስለሚችል ወላጅ ሁለቱን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ማየት አለበት። በራስ እጅ ልክ ወስዶ በፖስታ ማሠራትን አልመክርም፤ ልኩ በጥቂቱ እንኳ ከሳተ ሪቴይነሩ ጥርሱን በመያዝ ፈንታ ወደማይፈለግበት ይገፋዋል።

ስለ ሰዓቱ ብዙ የምለው የለኝም። አንዳንድ ሐኪሞች ለመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ከምግብ ሰዓት በቀር ቀንም ሌሊትም እንዲደረግ፣ ከዚያም ሌሊት ብቻ እንዲሆን ያዝዛሉ፤ አንዳንዶቹ ከመጀመሪያውም ሌሊት ብቻ ይላሉ። የራስን ሐኪም ትእዛዝ መከተል ነው።

አያያዙ ላይ ግን ልቆይ፤ የብዙ ሪቴይነር ዕድሜ የሚያጥረው በትንንሽ ልማዶች ነውና። ግልጹን ሪቴይነር ሳወልቅ ከፊት አልጀምርም፤ በሁለቱም በኩል ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ በውስጥ በኩል ጥፍሬን ከጠርዙ ሥር አስገብቼ እኩል አነሣዋለሁ፣ ከዚያ ፊቱ ራሱ ይለቃል። በአንድ ወገን ብቻ መጎተት ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። ሲጠልቅም በጣት ነው የሚጫነው፤ ነክሶ ማስገባት ምን እንደሚያስከትል ከላይ ተናግሬአለሁ። በምላስ እያነሡ መልሶ መጣልም ሽቦውን የሚያላላ፣ ፕላስቲኩንም የሚሰነጥቅ ልማድ ነው።

እንደወለቀ፣ ምራቁ ሳይደርቅበት፣ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል። የፈላ ውኃ ፕላስቲኩን በአንዴ ያበላሸዋል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተውም እንደዚያው ነው። ለብቻው የተለየ ለስላሳ ብሩሽና አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይበቁታል። የጥርስ ሳሙና ጥርስን እንጂ ሪቴይነርን እንዲያጸዳ የተሠራ አይደለም፤ በውስጡ ያሉት የሚፈትጉ ቅንጣቶች ፕላስቲኩን ይጭሩታል፣ ጭረቱም ውስጥ ጀርም ይደበቃል። እኔ ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያዬን ሪቴይነር ለወራት በጥርስ ሳሙና ስፈትገው ኖሬ፣ ብርሃን ላይ ሳነሣው ጭጋግ የለበሰ መስታወት መስሎ አግኝቼዋለሁ። ጠርዙ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ጠጣር ነገር ለማስለቀቅ እኩል ውኃና አቼቶ ደባልቆ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፎ በብሩሽ ማሸት፣ ከዚያም አጥርቶ ማለቅለቅ ይረዳል። ውኃ ውስጥ አረፋ እያወጣ የሚሟሟው የሪቴይነር ማጽጃ እንክብልም ጥሩ ነው። በረኪና ግን ሽቦውን ስለሚበላ አይቀርበውም።

ሪቴይነር አጥልቆ ከውኃ በቀር ሌላ መጠጣት አይገባም። ስኳር ያለው መጠጥ በፕላስቲኩና በጥርሱ መካከል ሾልኮ ይገባና እዚያው ይቀራል፤ ጥርሱን ማጠብ የሚገባው ምራቅ ደግሞ ሊደርስበት አይችልም፤ ጥርሱ ሰዓታት ሙሉ በስኳር ተነክሮ ይቆያል ማለት ነው። ምግብ ላይ ሲቀመጡም የወለቀው ሪቴይነር ወደ ማስቀመጫው እንጂ ወደ ሶፍት መግባት የለበትም። በሶፍት የተጠቀለለ ሪቴይነር ከተረፈው ጋር ተጠራርጎ ይጣላል፤ ብዙው የሚጠፋው እንዲህ ነው። ማስቀመጫው አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ይኑረው፣ እርሱም በየጊዜው ይታጠብ። ውሻ ባለበት ቤት ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ ውሻ የምራቅ ሽታ ስለሚስበው ያኝከዋል።

ቋሚው ሽቦ የተጣበቀበት የታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባ፣ ከምላስ ሥር ያሉት የምራቅ ዕጢዎች ከሚከፈቱበት ቦታ ፊት ለፊት ነው። በምራቁ ውስጥ ያለው ማዕድን እዚያ ቶሎ እየጠጠረ ስለሚጋገር ብሩሽ ብቻ አይበቃም፤ የጥርስ ክሩን ጫፉ በጠነከረ ማሳለፊያ ከሽቦው ሥር አሾልኮ የእያንዳንዱን ጥርስ ጎን ማሸት ያስፈልጋል። ሁሉን ለማዳረስ አምስት ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፣ አሁን እጄ ለምዶታል። ሌላው አደጋ ሙጫው ከአንድ ጥርስ ላይ ሲለቅ ሽቦው ባለበት መቆየቱ ነው፤ ሰው ሽቦው እንዳለ እያየ ተማምኖ ይቀመጣል፣ የተለቀቀው ጥርስ ግን እየሄደ ነው። የተጣመመ ሽቦም ራሱ ጥርስን ሊገፋ ይችላል። በሳምንት አንዴ እያንዳንዱን የሙጫ ነጥብ በጥፍር ነካ አድርጎ መፈተሽ ይህን ይከላከላል።

አንድ ሁለት ሌሊት ታልፎ ሲደረግ ጥርስን የመጭመቅ ስሜት ከተሰማ ጥርሱ መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነው፤ እስከ ታች ከወረደ ሳያቋርጡ ማድረግ ነው። ካልወረደ፣ ከተሰበረ ወይም ከጠፋ ግን ቀን ሳይቆጥሩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። የጥርስን ልክ የያዘው የጄሶ ቅጂ ወይም የኮምፒውተር ፋይል ብረቱ በተነሣበት ቀን ተጠይቆ ቢቀመጥ፣ ጥርሱ እስካልሄደ ድረስ አዲሱን ማሠራት ይፋጠናል። መጠባበቂያ ሁለተኛ ሪቴይነር አብሮ ማሠራት የሚችል ሰውም ቢያሠራ መልካም ነው።

የእኔ ጥርስ በሄደበት ጊዜ ሐኪሜ ሁለት መንገድ አሳዩኝ፤ እንደገና ለጥቂት ወራት ማስተካከያ ማድረግ፣ ወይም ጥርሱን ባለበት አጽንቶ መያዝ። ሁለተኛውን መረጥሁ። ከኋላ ሽቦ ተጣበቀልኝ፣ በላዩ የሚጠለቅ ግልጽ ሪቴይነርም ተሠራልኝ። ባለፈው ወር በጥፍሬ ስፈትሽ በግራው ክራንቻ ላይ ያለው የሙጫ ነጥብ ለቆ አገኘሁት። በማግሥቱ ሐኪሜ ዘንድ ሄጄ፣ የሌሊቱን ሪቴይነር አጥልቀው ካዩ በኋላ «ሙሉ በሙሉ ወርዷል፤ ጥርሱ አልሄደም» አሉኝና ሙጫውን ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ መለሱልኝ።