እናቴ ያለፋት የጁሪ መጥሪያና ፍርድ ቤት የሚቀበለው ምክንያት

እናቴ የአሜሪካ ዜግነቷን ያገኘችው በአማርኛ ተፈትና ነው። ህጉ ይፈቅዳል። ዕድሜው 55 የሞላውና በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ ሰው ፈተናውን በአስተርጓሚ፣ በራሱ ቋንቋ መፈተን ይችላል። አለፈች፣ ቃለ መሐላ ፈጸመች፣ ለመምረጥም ተመዘገበች። ለመምረጥ የተመዘገበ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ለጁሪ ዱቲ፣ ማለትም ከሌሎች ተራ ዜጎች ጋር ፍርድ ቤት ተቀምጦ ክስ ሰምቶ ለመፍረድ፣ ሊጠራ ይችላል።

መጥሪያው ካሊፎርኒያ፣ ሎስ አንጀለስ ቤቷ ሲደርስ እሷ አዲስ አበባ ነበረች። ወንድሟ አርፎ ለለቅሶ ሄዳ፣ አርባውን አውጥታ ነው የተመለሰችው። ከተጠራቀመው ፖስታ መሃል ሁለተኛ ደብዳቤ ጠበቃት። በቀጠሮሽ ቀን አልቀረብሽም፣ መልስ ስጪ፣ አለበለዚያ ቅጣት ሊከተል ይችላል ይላል።

"ልጄ፣ እኔ ማንን በደልኩ?" አለችኝ። አልፈርድባትም። እኛ አገር የፍርድ ቤት መጥሪያ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ለተከሳሽ ወይም ለምስክር ነው። ፍርዱን የሚሰጠውም ዳኛ እንጂ ከሰፈር የተጠራ ሰው አይደለም። ማንንም አልበደልሽም፣ የጠሩሽ እንድትፈርጂ ነው ስላት ይበልጥ ደነገጠች።

መጀመሪያ ያደረግኩት ደብዳቤውን ፊትና ጀርባውን ማንበብ ነበር። በካሊፎርኒያ ህግ ሳይቀርብ የቀረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 250፣ ለሁለተኛ ጊዜ እስከ 750፣ ከዚያ በኋላ እስከ 1,500 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ቅጣቱ ከመጣሉ በፊት ግን ማስጠንቀቂያ ይላካል፣ ሰውየውም ምክንያቱን የማስረዳት ዕድል አለው። የእናቴ ደብዳቤ ያ ማስጠንቀቂያ ነበር። ነገሩ ገና አልተበላሸም። የሚያበላሸው ዝምታ ነው፣ ብዙ ወገኖቻችን ደግሞ ፈርተው ዝም ይላሉ።

ቀጥሎ የገባኝ ነገር ከሁሉም በላይ ጠቅሞናል። ለፍርድ ቤቱ የምንመልሰው ጥያቄ አንድ ሳይሆን ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ያን ቀን ለምን አልቀረበችም? ሁለተኛው፣ ከአሁን በኋላስ ማገልገል ትችላለች ወይ? ሰው ሁለቱን ያደባልቃል። አገር ቤት መሄዷ ያለፈውን ያስረዳል እንጂ ከወደፊቱ ነፃ አያወጣትም። ከተመለሰች ሌላ ቀን ይሰጣታል፣ በቃ። ለወደፊቱ የሚሠራው ምክንያት ቋንቋው ነው። የካሊፎርኒያ ህግ በቂ እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ጁሪ ሆኖ እንዳይቀመጥ ይከለክላል። ይሄ የሚለመን አስተያየት አይደለም፣ መመዘኛውን አለማሟላት ነው። ትክክልም ነው። የአንድ ሰው ዕድሜ ልክ እስር የሚወሰንበት ክፍል ውስጥ ምስክሩ የሚለውን ግማሹን ብቻ የሰማ ሰው መቀመጥ የለበትም።

ስለዚህ አጭር ደብዳቤ ጻፍን። ከላይ የጁሪ መለያ ቁጥሯ። ከዚያ የሄደችበትና የተመለሰችበት ቀን፣ ከፓስፖርቷ ማህተምና ከቲኬቷ ኮፒ ጋር። ከዚያ እንግሊዝኛ እንደማትችል፣ የዜግነት ፈተናዋን በአማርኛ እንደወሰደች፣ ደብዳቤውንም ልጇ አንብቦ እንደተረጎመላት። እኔ ጻፍኩት፣ ለእሷ በአማርኛ አነበብኩላት፣ እሷ ፈረመች። ኮፒ አስቀርተን በሪኮመንዴ ላክነው። ለቅሶውን ማጋነን፣ የሌለ በሽታ መጨመር አላስፈለገም። እንዲህ ያለ መልስ የሚፈረመው በሐሰት ከሆነ እጠየቃለሁ ተብሎ ነው።

መልስ ስንጠብቅ አንድ ሰው ስልኳ ላይ ደወለ። ከሸሪፍ (ከአካባቢው ፖሊስ) ቢሮ ነኝ፣ ጁሪ ዱቲ ስለቀረሽ የእስር ማዘዣ ወጥቶብሻል፣ አሁኑኑ ጊፍት ካርድ (ገንዘብ የተሞላበት የስጦታ ካርድ) ገዝተሽ ቁጥሩን ንገሪኝ አላት። በየስቴቱ የታወቀ ማጭበርበር ነው። ፍርድ ቤት ለጁሪ ቅጣት ደውሎ ገንዘብ አይጠይቅም፣ በጊፍት ካርድ ጭራሽ አይታሰብም። ስልኩን ተቀብዬ ዘጋሁት። እናት አባት ላላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን ዛሬውኑ ንገሯቸው።

ኋላ ላይ ፍርድ ቤቱ ከአገልግሎት ነፃ እንዳደረጋት የሚገልጽ ወረቀት መጣ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱም ዘመዱም ይጠይቀኛል። በካሊፎርኒያ ደንብ ተቀባይነት ያላቸው ምክንያቶች የተጻፉ ናቸው፦ መጓጓዣ ጭራሽ ማጣት፣ ከቤት እስከ ፍርድ ቤት ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ መጓዝ፣ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት፣ የሚተካኝ የለም የምትሉት የሕፃን ወይም የታማሚ እንክብካቤ፣ ከባድ የገንዘብ ችግር። ዕድሜው 70 የሞላው ሰው ለጤና ምክንያቱ የሐኪም ወረቀት አይጠየቅም። የምታጠባ እናት ደግሞ እስከ አንድ ዓመት ማስተላለፍ ትችላለች።

የማይሠራው "ሥራ አለኝ" ነው። አለመመቸት ብቻውን፣ የናንተም ሆነ የአሠሪያችሁ፣ ምክንያት አይሆንም። አሠሪ አስቀድማችሁ ካሳወቃችሁት በጁሪ ምክንያት ሊያባርራችሁ አይችልም። ኡበር ለሚነዳ ወይም ብቻውን ሱቅ ለሚያንቀሳቅስ ሰው ግን የገንዘብ ችግሩ እውነት ነው። ለጁሪ የሚከፈለው አበል በአብዛኛው ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በቀን 15 ዶላር ነው፣ ይህ ለማንም ቤት ኪራይ አይሆንም። እንዲህ ያለ ሰው "ቢዚ ነኝ" ከሚል የገቢውን ማስረጃ አያይዞ፣ ስንት ሰው እንደሚያስተዳድር ይጻፍ። ከተቻለ ደግሞ ቀኑን ማስተላለፍ ይቀላል። "አትፍረዱ ተብሏል" የሚሉም አሉ። እምነታቸውን አከብራለሁ፣ ግን እቤት ለመቅረት አይበቃም። ቀርቦ ለዳኛው መናገር ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ግሪን ካርድ ያላችሁም መጥሪያ ሊደርሳችሁ ይችላል፣ ምክንያቱም ስም የሚወሰደው ከመንጃ ፈቃድ መዝገብም ጭምር ነው። ከ2022 ወዲህ በካሊፎርኒያ ታክስ የሚያስገቡ ሰዎች ዝርዝርም ተጨምሯል። ወረቀቱን አትጣሉት፣ ዜጋ አይደለሁም የሚለውን ምልክት አድርጋችሁ መልሱት። በስህተት "ዜጋ ነኝ" ብሎ መፈረም ከቅጣቱ ይልቅ የኢሚግሬሽን ኬዛችሁን ነው የሚጎዳው። ዜጋ ሆናችሁ ለማምለጥ "አይደለሁም" ማለትም ውሸት ነው፣ በአንዳንድ ስቴት መልሱ ወደ ምርጫ ቢሮ ይተላለፋል።

ቤት ከቀየራችሁ ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ ለዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ ለሚሰጠው ቢሮ) አድራሻችሁን አሳውቁ። ፖስታ ቤት ብቻ ማስመዝገብ አይበቃም፣ ፍርድ ቤቱ ስማችሁን የሚያገኘው ከፖስታ ቤት አይደለምና።