ፌርማታ ላይ የተሰቀለ ኤግዚቢሽን

ቺካጎ ውስጥ ጋለሪ ለመዞር ጊዜው አልነበረኝም። የምሠራው ሌሊት ነው፤ አዛውንቶች እንከባከባለሁ። ቀን እተኛለሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ኤግዚቢሽኑ ራሱ አውቶቡስ የምጠብቅበት ድረስ መጣልኝ።

የፎቶ አንሺዋ የአይዳ ሙሉነህ ሥራ ነበር። ፊታቸውን ቀለም የተቀቡ ሴቶች፣ ደማቅ ቀይ፣ ደማቅ ሰማያዊ። 12 ፎቶዎች ኒውዮርክ፣ ቦስተን፣ ቺካጎና ኮትዲቯር ውስጥ ከ330 በላይ ፌርማታዎች ላይ ተሰቅለው ከማርች እስከ ሜይ ቆዩ። የኤግዚቢሽኑ ርዕስ የተወሰደው ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ግጥም መሆኑን ስሰማ ደግሞ ጭራሽ ሆዴ ተላወሰ። የጸጋዬ ግጥም፣ በዚያ ብርድ፣ ቺካጎ መንገድ ላይ!

እዚህ አገር ኢትዮጵያዊ ነኝ ስል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የ77ቱ ረሃብ ፎቶ ነው። ስንት ዓመት አንገቴን አስደፍቶኛል። እነዚህ ሴቶች ግን የማንንም ሐዘኔታ አይለምኑም። አጠገቤ ለቆመው ሰውዬ፣ ሳይጠይቀኝ፣ «ያነሳችው ያገሬ ልጅ ናት» አልኩት። አይዳ ስደትን ታውቀዋለች። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በልጅነቷ የመንና ቆጵሮስ ኖራ፣ ካናዳ ያደገች ናት። ኋላም አገሯ ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን የፎቶ ፌስቲቫል መሠረተች።

ከዚያ በኋላ ፎቶ ማየት ሱስ ሆነብኝ። ያደግኩበት ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ እህቴ ቪዲዮ ላከችልኝ። በራችን የቱ እንደነበር እንኳን መለየት አቃተኝ። ያን ሰሞን የሚካኤል ጸጋዬን ሥራዎች ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አየሁ። ሚካኤል ሥዕል ተምሮ የቀለም አለርጂ ሲይዘው ወደ ካሜራ የዞረ ሰው ነው። የአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ያነሳቸውን ፎቶዎች «የወደፊት ትዝታዎች» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥቷቸዋል። የፈረሰ ቤት ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ምስማር ይፈልጋል። ሳሎናችን ውስጥ የአባዬ ፎቶ የተንጠለጠለበትን ምስማር።

ፎቶው አሁን እኔ ጋ ነው። አባዬና አንድ ጓደኛው ፎቶ ቤት ገብተው የተነሱት ነው፤ ሁለቱም ኮት ለብሰዋል፣ የጓደኛው እጅጌ ያጥረዋል። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ «ለማይረሳው ወንድሜ ለማስታወሻ» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማና 1964። እማዬን በስልክ ጓደኛው ማን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ተይው እስቲ፣ ልጄ» ብላ ወሬ ቀየረች። አልገፋሁም። በቀይ ሽብር ልጅ ያጣ ቤት ሁሉ እንዲህ የሚዘለል ፎቶ አለው።

ባለፈው ዓመት ለእንቁጣጣሽ፣ የማኅበራችን ሰዎች አንድ አንድ የቤታቸውን ፎቶ አምጥተው አዳራሽ እንድንሰቅል ሐሳብ አቀረብኩ። አንዳንዶች ቅር አላቸው። የቤት ገመና ለምን አደባባይ ይወጣል አሉ። እውነት አላቸው፤ ያልፈለገ አያምጣ ተባባልን። የመጣው ግን ግድግዳውን ሞላው። የሠርግ፣ የምርቃት፣ የኤርፖርት ስንብት።

እማዬ ይህን ስትሰማ ራሷ ደወለች። የዚያን የአባዬን ጓደኛ ስም ከነአባቱ ነገረችኝና «ጽፈሽ ለጥፊው» አለችኝ። እዚህ አላወጣውም፣ ዘመዶቹ አሉ። አዳራሹ ውስጥ ግን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍኩት፤ የኛ ልጆች አማርኛ አያነቡም።